ለፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ለደላላ ብር አትክፈሉ፤ መጀመሪያ ጥያቄ ይኑራችሁ

ሰሞኑን ኢንቦክሳችን ላይ አንድ ስክሪንሾት መጣ። «በጤናው ዘርፍ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ ፒኤችዲ፣ አውሮፓ፣ ቦታው ውስን ነው፣ የፕሮሰስ 15 ሺህ ብር ብቻ» ይላል። ከሥሩ የቴሌግራም አካውንት አለ። የላከልን ልጅ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ይሠራል፤ ማስተርሱን ጨርሷል። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?»

መልሳችንም አጭር ነበር፦ «አትክፈል ወንድማችን።»

ከዛ ተራው የኛ ሆነና ጠየቅነው። «ግን ቢሳካልህ ምንድን ነው የምታጠናው?» ዝም አለ። ማታ ላይ ረጅም ቮይስ ላከልን።

በየዓመቱ ከሁመራና ከመተማ የሰሊጥ እርሻ የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ካላዛር ይዟቸው ይመጣሉ። ጣፊያቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው አልቆ። ይታከማሉ፣ ይድናሉ፣ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ በሽታው አገርሽቶባቸው ተመልሰው ይመጣሉ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ከጣት ደም ተወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው ምርመራ የሚያየው ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። እሱ ደግሞ ሰውዬው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ ደሙ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሽታው መመለሱን ለማረጋገጥ ከጣፊያ ወይ ከአጥንት መቅኔ በመርፌ ናሙና መውሰድ ግድ ይሆናል። «ይሄን መርፌ የሚተካ ነገር አይኖርም ወይ እያልኩ ሁሌ አስባለሁ» ነው ያለን።

እኛ ሳይንቲስቶች አይደለንም። ግን ያ ቮይስ ከ15 ሺህ ብሩ በላይ ዋጋ እንዳለው ገብቶናል። ለምን እንደሆነ እናስረዳችሁ።

1. ፒኤችዲ ሎተሪ አይደለም

ስኮላርሺፕ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚመጣልን ውጭ ሄዶ ክላስ መማር ነው። ፒኤችዲ እንደዛ አይደለም። ማንም እስካሁን በደንብ ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ይዞ ሦስት አራት ዓመት፣ አሜሪካ ከሆነ ደግሞ አምስትና ከዛ በላይ፣ መልሱን መፈለግ ነው። ኮርስ ይኖራል፤ ዋናው ግን ምርምሩ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሰጪው የሚያየው ጂፒኤ ብቻ አይደለም። ይሄ ጥያቄ ቢመለስ ማን ይጠቀማል? ይሄ ሰው ሊመልሰው ይችላል? የሚያማክረው ሱፐርቫይዘር አለ? እነዚህን ይጠይቃል። «ማንኛውም ፊልድ ይሁንልኝ፣ ብቻ ልውጣ» የሚል ማመልከቻ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እናጥራ። ሐኪሙ «ዶክተር» እና የፒኤችዲው «ዶክተር» አንድ አይደሉም። የጤና ምርምር ፒኤችዲ ለመሥራት ሐኪም መሆን የግድ አይደለም። ነርስ፣ ሚድዋይፍ፣ ፋርማሲስት፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ሁሉ ይችላል። ስፔሻሊቲ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው፤ እሱ የሕክምና ሥልጠና እንጂ ፒኤችዲ አይደለም።

2. ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

መንገዱ አንድ አይደለም።

ደመወዝ፦ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድስ ውስጥ አብዛኛው ፒኤችዲ ተማሪ ተቀጣሪ ነው። ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ግብር ይከፍላል። ስዊድን ለምሳሌ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ የማስተርስ ተማሪዎችን ታስከፍላለች፤ ፒኤችዲ ላይ ግን የትምህርት ክፍያ የለም። እነዚህን ቦታዎች «ስኮላርሺፕ» ብላችሁ ብትፈልጉ ላታገኟቸው ትችላላችሁ። የሚወጡት ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ፣ ክፍት የሥራ ቦታ በሚለው ሥር ነው።

ስታይፔንድ፦ የጀርመኑ ዳአድ እና የአውስትራሊያ መንግሥት በዩኒቨርሲቲዎች በኩል የሚሰጠው አርቲፒ እዚህ ይገባሉ። አርቲፒ የትምህርት ክፍያንም የወር መተዳደሪያንም ሊሸፍን ይችላል። ዳአድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ በአብዛኛው የመጨረሻ ዲግሪያችሁን ከያዛችሁ ከ6 ዓመት በላይ እንዲያልፍ አይፈልግም። «ትንሽ ሠርቼ ላመልክት» የምትሉ ይሄን ልብ በሉ።

የአሜሪካ ፒኤችዲ፦ ስኮላርሺፑ ከመግቢያው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከተቀበላችሁ ብዙ ጊዜ ክፍያውን ትቶላችሁ፣ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት እያሠራ ይከፍላችኋል። ብዙ ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻም ይቀበላሉ። ዴድላይኑ በአብዛኛው ዲሴምበር አካባቢ ነው።

ማሪ ኩሪ፦ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ነው፤ የየትኛውም አገር ዜጋ ማመልከት ይችላል። ቦታዎቹ ዩራክሰስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። ደንቡ፦ ፒኤችዲ ቀድሞ ያልያዘ፣ እና ከመቀጠሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ የሚቀጠርበት አገር ከ12 ወር በላይ ያልኖረ። አውሮፓ ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ የምትኖሩበት አገር ላይ ልታጡ የምትችሉት ለዚህ ነው፤ ጎረቤት አገር ግን ክፍት ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ጊዜያችሁን የሚበሉ ሁለት ስሞች። ቼቭኒንግ ለማስተርስ ነው፤ ፒኤችዲ አይሰጥም። ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ፒኤችዲ አለው፤ ግን ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች በኢትዮጵያዊነታችሁ አያስገባችሁም። «ኮመንዌልዝ አስገባላችኋለሁ» የሚል ደላላ ካገኛችሁ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው።

3. አገር ቤት ሆኖስ?

ይቻላል፤ ለጤና ምርምር ደግሞ አንዳንዴ የተሻለ ነው። ምክንያቱም በሽታውም በሽተኛውም እዚህ ናቸው።

ቡታጅራን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ቡታጅራና አካባቢው ላይ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ እያሉ ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመሩ። ከዛ መዝገብ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን ፒኤችዲያቸውን ሠርተዋል። መረጃው ከቡታጅራ፣ ትንተናውና ምክሩ ከስዊድንም ከአዲስ አበባም። ይሄ «ሳንድዊች» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዛ። ኋላም እዛው ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ተሂዶ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ተጠይቀዋል። ጥናቱ የታመሙትን ያገኘው ሆስፒታል ተቀምጦ ሳይሆን በየደጃቸው ነው።

ዛሬም በሮች አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ውስጥ ያለው ሲዲቲ አፍሪካ በመድኃኒትና በክሊኒካል ትራያል ዙሪያ ተመራማሪዎችን ያሠለጥናል። አለርት ግቢ ያለው አህሪ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከሥጋ ደዌ ተነስቶ ወደ ቲቢና ሌሎች በሽታዎች የሰፋ የምርምር ተቋም ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው።

የላብራቶሪው ልጅ ይሄን ሲሰማ ገረመው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ለያዟቸው ሰዎች አዲስ የሕክምና መመሪያ ሲያወጣ ከተመረኮዘባቸው ጥናቶች አንዱ የተሠራው ጎንደርና አብዱራፊ ላይ ነው። እሱ ዕለት ተዕለት የሚያያቸው ዓይነት ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የዓለምን ሕክምና ቀይሯል። እሱ ግን «እኔ ምን አለኝ?» እያለ ለቴሌግራም ደላላ ብር እየቆጠረ ነበር።

4. ሱፐርቫይዘር እንዴት ይገኛል?

ስልካችሁ ይበቃል። ፐብሜድ እና ጉግል ስኮላር ነፃ ናቸው። ጥያቄያችሁን በሁለት ሦስት ቃል እንግሊዝኛ ጻፉና ያለፉትን አምስት ዓመታት ጥናቶች እዩ። በሕክምና ጥናቶች ላይ ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚጻፈው ስም የቡድኑ መሪ ነው። የምትፈልጉት እሱን ወይም እሷን ነው።

ጽሑፉ ክፍያ ከጠየቃችሁ ሂናሪን አስታውሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ያለበት ፕሮግራም ነው፤ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት የሕክምና ጆርናሎችን በነፃ እንዲያነቡ ያደርጋል። የሆስፒታላችሁን ወይም የዩኒቨርሲቲያችሁን ላይብረሪ «የሂናሪ ፓስወርድ አለን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዛ ኢሜይል ጻፉ። አጭር፣ ስልክ ላይ አንዴ ተገልብጦ የሚያልቅ፦

– ማን ናችሁ፣ የት ትሠራላችሁ (አንድ ዓረፍተ ነገር)
– ከጥናታቸው የቱን አነበባችሁ፣ ምን ጥያቄ ፈጠረባችሁ
– ሥራ ላይ የምታዩት ችግር ምንድን ነው
– እናንተ ምን መሥራት ትችላላችሁ (ላብራቶሪ፣ ዳታ ትንተና፣ የአካባቢውን ቋንቋ መናገር)
– በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ ወይ? ከየትኛው ፈንድ?

ሲቪ አያይዙ፤ በቃ። አንዱን ኢሜይል ኮፒ እያደረጋችሁ ለመቶ ፕሮፌሰር አትላኩ፤ ያስታውቃል። ለአሥር ሰው በደንብ ጽፋችሁ ስምንቱ ዝም ቢሉ አትደንግጡ። ዝምታ «አይ» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ በትሕትና አስታውሱ።

5. ብር የሚጠየቀው መቼ ነው?

እውነተኛ ክፍያዎች አሉ። የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ቪዛ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች (በተለይ አሜሪካ) የማመልከቻ ክፍያ አላቸው። ልዩነቱ፣ እነዚህን የምትከፍሉት በቀጥታ ለተቋሙ ነው። የማመልከቻውን ክፍያ እንዲተዉላችሁ መጠየቅም ይቻላል፤ አንዳንዶቹ ይተዋሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የተማራችሁበት ተቋም «በእንግሊዝኛ ነው የተማረው» ብሎ የሚጽፍላችሁን ደብዳቤ በፈተናው ምትክ ይቀበላሉ።

የሚከተለውን ካያችሁ ግን ሽሹ፦

– ክፍያው ወደ ግለሰብ አካውንት ወይም ቴሌብር ከሆነ
– «መቶ በመቶ ተረጋግጧል» የሚል ቃል ካለ
– የምርምር ርዕስ ሳይጠይቃችሁ ፓስፖርት ከጠየቃችሁ
– ማስታወቂያው ዩኒቨርሲቲው የራሱ ድረ ገጽ ላይ ከሌለ

የመጨረሻዋ ብቻዋን ትበቃለች። ጉግል አድርጋችሁ ራሳችሁ ግቡ፤ የላኩላችሁን ሊንክ አትጫኑ።

6. ፖስተሩ ላይ የማይጻፈው

ስታይፔንድ በአብዛኛው ለአንድ ሰው የተሰላ ነው። ትዳርና ልጅ ያላችሁ የቤተሰብ ድጎማ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከመሥሪያ ቤታችሁ የትምህርት ፈቃድ ስትወስዱ ተመልሳችሁ ለዓመታት እንድታገለግሉ የሚያስገድድ ውል ሊያስፈርሟችሁ ይችላሉ፤ ዋሶቻችሁንም ይነካል፤ አንብቡት።

ፈንድም ሊቋረጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ በአሜሪካ ተቋማት በኩል ወደ ውጭ አገር ተቋማት የሚሄደውን አዲስ የምርምር ገንዘብ አሠራሩ እስኪቀየር አቁሟል። ስለዚህ «ገንዘቡ እስከ መቼ ድረስ የተረጋገጠ ነው? ቢቆምስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የአራት ዓመት ዕድሜያችሁን ነው የምትሰጡት።

የላብራቶሪው ልጅስ?

ለሦስት ሰዎች ጻፈ። ሁለቱ እስካሁን አልመለሱም። አንዷ መለሰች፤ መልሷ «ተቀብዬሃለሁ» አይደለም። «በዓመት ስንት ሰው ነው ተመልሶ የሚመጣው?» የሚል ነው። አላወቀም። መዝገቡ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ አለ። አሁን የበሽተኞችን መረጃ ለማየት የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ እየጠየቀ ነው (እናንተም ያለዚህ ፈቃድ የማንንም መዝገብ እንዳትነኩ)። ይሳካለት አይሳካለት አናውቅም። 15 ሺህ ብሩ ግን ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጥያቄውም በእጁ አለ።

እናንተስ? ጤና ጣቢያ፣ ፋርማሲ፣ ዋርድ ውስጥ እየሠራችሁ «ይሄ ነገር ለምን እንደዚህ ይሆናል?» ያላችሁት ነገር ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ኮመንት ላይ ጻፉልን። ስክሪንሾት ይዞ ብር ሊልክ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ይሄን ዛሬውኑ ላኩለት።