ከክርክሩ ደጅ የተመለሱት ዕጩ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2000 ምሽት በቦስተን ከተማ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩዎች የቴሌቪዥን ክርክር ሊጀመር ተቃርቧል። የአረንጓዴው ፓርቲ ዕጩ ሚስተር ራልፍ ኔደር ክርክሩ ወደሚካሄድበት ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ወረቀት ይዘው ደረሱ። ወረቀቱ የሚያስገባው ወደ መድረኩ ሳይሆን፣ ክርክሩን በቴሌቪዥን ለመመልከት ወደ ተዘጋጀው ሌላ አዳራሽ ነበር። ይሁን እንጂ አልተጋበዙም ተብለው ከደጅ ተመለሱ።

ይህ ድርጊት ያለ ምክንያት የተፈጸመ አይደለም። በ1934 የወጣው የአገሪቱ የመገናኛ ሕግ፣ አንድ ጣቢያ ለአንዱ ዕጩ ጊዜ ከሰጠ ለተፎካካሪዎቹም እኩል ዕድል እንዲሰጥ ያዛል። ነገር ግን ዜና በ1959፣ በሌላ ድርጅት የሚዘጋጅ ክርክር ደግሞ በ1975 ከዚህ ግዴታ ነፃ ሆኑ። ቀጥሎም በ1987 የዴሞክራቲክና የሪፐብሊካን ፓርቲዎች ሊቃነ መናብርት ክርክሩን የሚያዘጋጅ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ ለ2000 ምርጫ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በሕዝብ አስተያየት መለኪያ 15 ከመቶ ድጋፍ የሌለው ዕጩ ለክርክር አይቀርብም።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። 15 ከመቶ ለማግኘት መታወቅ ያስፈልጋል፤ ለመታወቅ በጋዜጣና በቴሌቪዥን መቅረብ ግድ ነው፤ ጋዜጠኛው ደግሞ ያሸንፋል ተብሎ የማይገመተውን ዕጩ መከታተል እንደ ከንቱ ድካም ይቆጥረዋል። ትንሹ ፓርቲ በዚህ አዙሪት ውስጥ ደጅ ሲጠና የምርጫው ቀን ይደርሳል።

አዙሪቱን ለጊዜው የሰበሩት ባለሀብቱ ሚስተር ሮስ ፔሮ ናቸው። በ1992 በገንዘባቸው የግማሽ ሰዓት የቴሌቪዥን ጊዜ እየገዙ ንግግር አደረጉ፤ በሦስቱም ክርክሮች ተካፈሉ፤ 19 ከመቶ የሚጠጋ ድምፅም አገኙ። በ1996 ግን ከክርክሩ ታገዱ፤ ድምፃቸውም ወደ 8 ከመቶ ግድም ወረደ። ለዚህ መውረድ የክርክሩ እገዳ ብቻውን ምክንያት ነው ባይባልም፣ ዝምታው ምንም አልጎዳቸውም ማለት አይቻልም።

በእርግጥ በየምርጫው የሚመዘገበውን ዕጩ ሁሉ በአንድ መድረክ ማቆም አይቻልም፤ በር ጠባቂም ያስፈልጋል። ጥያቄው የበሩ ቁልፍ በተፎካካሪዎቹ እጅ መሆን ይገባዋልን? የሚል ነው።

በዚያው በ2000 ምርጫ ሚስተር ቡሽ በፍሎሪዳ ያሸነፉት በ537 ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ ሚስተር ኔደር በዚያው ክፍለ ግዛት ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ ስማቸው በየጋዜጣው ተደጋግሞ ተነሣ፤ የተነሣው ግን የዴሞክራቶችን ድል አበላሹ ለተባለው ወቀሳ እንጂ ለፕሮግራማቸው አልነበረም። መራጩ ሕዝብ ሐሳባቸውን ከሁለቱ ዕጩዎች ሐሳብ ጋር አመዛዝኖ የሚፈርድበት ምሽት ግን አስቀድሞ አልፎ ነበር።