የደም ሥርን በኖራ የሚያደነድን የከብት በሽታ

በናይሮቢ አካባቢ፥ ይልቁንም በኪያምቡ በኩል፥ ላሞቻቸውን በበረት አስረው ዝሆኔ ሣር እያጨዱ የሚቀልቡ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። በዚህ አኳኋን የምትኖር ላም መኖዋን ራሷ አትመርጥም፤ የሚመርጥላት ባለቤቷ ነው። ስለዚህ እምብዛም የማይታወቀውን፥ ነገር ግን ከቅጠልና ከመርፌ የሚነሣውን የደም ሥር መደንደን በሽታ ጠባይ መረዳት ይገባዋል።

የበሽታው ዋና መገኛ ሩቅ አገር ነው። በአርጀንቲና፥ በቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር ረግረጋማ ሜዳ፥ ሶላኑም ግላውኮፊሉም የተባለ የእንቧይ ዘመድ ይበቅላል፤ ከብቱ የሚታመመው ረግፎ ከሣር ጋራ የተደባለቀውን ቅጠል ሲበላ ነው። በኦስትሪያና በባቫሪያ ተራሮች ትሪሴቱም ፍላቬሴንስ የተባለ፥ ለዐይን ያማረ ሣር ይህንኑ ያደርጋል። በአሜሪካ፥ በፍሎሪዳ፥ ሴስትሩም ዲዩርኑም የተባለው ቁጥቋጦ ፈረሶችንና ከብቶችን በዚሁ በሽታ እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታውቋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቪታሚን ዲ በሰውነት ውስጥ በሙሉ ኀይሉ የሚሠራው ኩላሊት በልክ ካዘጋጀው በኋላ ነው። እነዚህ ተክሎች ግን ተዘጋጅቶ ያለቀውን በቅጠላቸው ይዘዋል፤ ገንዘብ ያዡ ሳይፈርም ካዝናው ተከፈተ ማለት ነው። አንጀት ካልሲየምንና ፎስፎረስን ከመጠን በላይ ይስባል፤ ትርፉም በታላቁ የደም ሥር፥ በልብ፥ በሳንባ፥ በኩላሊትና በጅማት ላይ ይጋገራል።

ላሚቱ ለምለም መኖ ፊቷ እያለ ትከሳለች፤ ጠጕሯ ይሻክራል፥ ጀርባዋ ይጐብጣል፥ እግሯ ይገተራል፥ በጥቂት ጉዞም ታለከልካለች። ባለቤቷ ይህን ሲያይ አጥንቷ የደከመ ይመስለውና ቪታሚን ዲ ያስወጋታል። በእሳት ላይ ቤንዚን ጨመረ! ተክሉ በሌለበት ስፍራ እንኳ፥ የወተት ትኩሳትን ለመከላከል ተብሎ ከመውለዷ በፊት ያለ ልክ የሚሰጥ የቪታሚን ዲ መርፌ ይህንኑ መደንደን ያመጣል።

ሁለቱን የሚለየው የደም ምርመራ ነው፤ በፎስፎረስ እጥረት የታመመች ላም በደሟ ያለው ፎስፎረስ ሲያንስ፥ በዚህኛው ግን ካልሲየሙም ፎስፎረሱም ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ደሙ በካቤቴ ወዳለው የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ ቢላክ ይሻላል። በሞተችው ላይ ምርመራው ቀላል ነው፤ የታላቁ ደም ሥር ውስጡ በነጭ ሻካራ ቅርፊት ተሸፍኖ ቢላዋው ሲነካው ይንኰሻኰሻል።

በኬንያ ደጋ ለአጥር የሚተከለውና ብርቱካንማ አበባ ያለው ሴስትሩም አውራንቲያኩም የፍሎሪዳው ቁጥቋጦ ዘመድ ነው፤ እርሱ ግን ጉበትን መትቶ በጥቂት ቀን ይገድላልና ከዚህ በሽታ ጋራ አይምታታ። ያም ሆነ ይህ፥ ከአጥር የተቈረጠ ቅርንጫፍ ወደ ግርግም አይጣል።

የደነደነውን ሥር የሚያለሰልስ መድኃኒት የለም። ሕክምናው ከብቱን ከተክሉ ማራቅ፥ የቪታሚኑን መርፌና የካልሲየም ጭማሪ ማቆም ነው። ቶሎ የተደረሰላት ላም ሥጋዋ ይመለሳል፥ አረማመዷም ይሻላል፤ ልቧና ሳንባዋ የተያዙባት ግን ከመስኩ ብትወጣም ማለክለኳ አይለቃትም።