ስለ ዕረፍት ጊዜ፤ የዘንዶው ጨዋታና ረዥሙ ሸክላ

ሰው በሥራው ሰዓት ምን እንደሚሠራ አለቃው ያውቃል፤ በዕረፍቱ ሰዓት ምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቀው ቤተ ሰቡ ነው። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ዕረፍት ጊዜ መነጋገር ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ዛሬ የምንጽፈው በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ተወልደው ብዙ አገር ስላዳረሱ ሁለት የቤት ውስጥ መዝናኛዎች ነው። አንደኛው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፥ ሌላ ሰው በመምሰል የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛውም ፕሮግሬሲቭ ሮክ የተባለው ሙዚቃ ነው። ሁለቱን ባንድነት የሚወዱ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም ደግሞ በየጊዜያቸው ተነቅፈዋል፤ ጨዋታው ልጆችን ያጠፋል ተብሎ፥ ሙዚቃው ሰውን ያሰለቻል ተብሎ። ነቀፌታው የሚገባ መሆኑንና አለመሆኑን ክቡራን አንባብያን ራሳቸው ይፈርዱ ዘንድ ነገሩን ከሥሩ እንጀምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጦርነት ጨዋታ አዲስ ነገር አይደለም። በ1824 ዓ.ም. ራይስቪትስ የሚባሉ የፕሩሲያ የመድፈኛ መኰንን ባዘጋጁት ጨዋታ፥ የዚያ አገር መኰንኖች በካርታ ላይ ጦር እያሰለፉ ጥበባቸውን ይፈትኑ ነበር። በመካከላቸውም አንድ ዳኛ ተቀምጦ የእያንዳንዱ ትእዛዝ ፍጻሜ ምን እንደ ሆነ ይነግራቸው ነበር። ይህ የዳኛው ነገር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ጥበብ መነሻ ሆነ። በአሜሪካ በሚኒሶታ ይኖሩ የነበሩት ወጣቱ ሚስተር ዴቭ አርንሰን በ1971 ዓ.ም. ገደማ የጦር ጨዋታውን ለወጡት፤ ተጫዋቹ ሠራዊት ማዘዙ ቀርቶ አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን፥ ያም ሰው ከጨዋታ ወደ ጨዋታ እየተማረና እየበረታ እንዲሄድ አደረጉ።

ደንቡን ጽፈው ለሕዝብ ያበቁት ግን በዊስኮንሲን ሌክ ጄኔቫ በተባለች ትንሽ ከተማ የነበሩት ሚስተር ጌሪ ጋይጋክስ ናቸው። እኒህ ሰው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበሩ፤ በ1970 ዓ.ም. ሥራቸውን ካጡ በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ጫማ መጠገን ጀመሩ። የሚስተር አርንሰንን አሳብ ባዩ ጊዜ ደንቡን ይጽፉ ጀመር፤ የጻፉትንም መጀመሪያ የፈተኑት በገዛ ልጆቻቸው፥ ባንድ ወንድና ባንዲት ሴት ልጃቸው ነው። ልጆቹ በአሳባቸው ወደ አንድ ዋሻ ገብተው የመዳብ ገንዘብ የሞላበት ሣጥን አገኙ፤ ነገር ግን ከክብደቱ የተነሣ ሊሸከሙት ሳይችሉ ቀሩ። ሀብት አግኝቶ መሸከም አለመቻል ለልጅ እንዴት ያለ ትምህርት ነው! በ1973 ዓ.ም. ሚስተር ጋይጋክስ ከአንድ ወዳጃቸው ጋራ ትንሽ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1974 ዓ.ም. መጀመሪያም ሦስት መጻሕፍት የያዘውን ሣጥን 1,000 ያህል አሳትመው ባንዱ 10 ዶላር ሸጡ። ስሙንም «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» አሉት፤ ወህኒ ቤቶችና ዘንዶዎች ማለት ነው። ሣጥኑን በእጅ ያሰናዱት እዚያው ጫማ በሚጠገንበት ቤት ነበር።

አጫዋወቱ እንዲህ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ከነሱም አንዱ ዳኛ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው ባንድ ወረቀት ላይ የሚመስሉትን ሰው ይጽፋሉ፤ ጉልበቱን፥ ቅልጥፍናውን፥ ጽናቱን፥ ዕውቀቱን፥ ጥበቡንና ሞገሱን በቍጥር ይለካሉ። ጐበዝ ተዋጊ መሆን የወደደ ይሆናል፤ ፈውስ ዐዋቂ ወይም ጠንቋይ መሆን የወደደም ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በንግግር ነው። ዳኛው ለምሳሌ፥ «መብራታችሁ ሊያልቅ ነው። ከፊታችሁ የተዘጋ የብረት በር አለ፤ ከበሩም በስተ ጀርባ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንደኛው፥ «በትከሻዬ እገፋዋለሁ» ይላል። ሁለተኛይቱ፥ «ቈይ ወንድሜ፤ መጀመሪያ ጆሮዬን አስጠግቼ ላዳምጥ» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የቈየው፥ «ይህን በር ያሠራው ሰው ሊያስገባን ነው ወይስ ሊያስወጣን የማይወደውን ነገር ሊዘጋበት ነው?» ብሎ ሁሉን ያስደነግጣል። በተግባሩ መሳካትና አለመሳካት ላይ ጥርጥር ያለ እንደ ሆነ ባለ 20 ፊት የዕጣ ጠጠር ይጣላል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ቍጥር ተጨምሮበት የወጣው ድምር ይፈርዳል።

በሰንጠረዥ ያንዱ ንጉሥ ይያዛል፤ በገበጣም ያንዱ ቤት ባዶ ይቀራል። በዚህኛው ጨዋታ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት አንዱ በሌላው ላይ አያሸንፍም፤ የሚድኑትም የሚጠፉትም ባንድነት ነው። በምክር ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የሚያስተውለው ሌላም ነገር አለ። በጨዋታው ውስጥ ችኩሉ፥ ጠንቃቃውና ዝምተኛው እያንዳንዳቸው ጊዜ ያገኛሉ፤ ዳኛው ብልህ የሆነ እንደ ሆነ ዝምተኛውን ሳይጠይቅ አያልፍም። ዳኛው ሰነፍ ወይም ትዕቢተኛ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሌሊቱ ሁሉ ይበላሻል፤ እሱ ያሰበውን ተረት ለመስማት ብቻ አምስት ሰው ተሰብስቦ ማምሸቱ ከንቱ ድካም ነው። ደግሞም ለዚሁ ጨዋታ የሚታተመው መጽሐፍ ማለቂያ የለውምና ገንዘብ ያዢይቱ የቤት እመቤት ብትቈጣ አይፈረድባትም።

አሁን ወደ ነቀፌታው እንምጣ። በ1979 ዓ.ም. በሚሺጋን አንድ ወጣት ተማሪ ጠፋ፤ ሊፈልገው የተቀጠረው መርማሪ ነገሩ ከጨዋታው ጋራ ሳይያያዝ እንደማይቀር ተናገረና ጋዜጦች ሁሉ ይህን አሳተሙ። ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሉዊዚያና በሕይወት ተገኘ፤ የመጥፋቱም ምክንያት ሌላ ጭንቀት እንጂ ጨዋታው አልነበረም። ወሬው ግን ከእውነቱ ይልቅ ፈጥኖ ሄዷልና በ1982 ዓ.ም. በዚሁ ዓይነት ታሪክ ላይ ወጣቱ ቶም ሃንክስ የተጫወቱበት የቴሌቪዥን ፊልም ተሠራ። በዚያው ዓመት በቨርጂኒያ አንድ ልጅ ሕይወቱን አጠፋ፤ እናቱም ጥፋቱን በጨዋታው ላይ አድርገው በ1983 ዓ.ም. ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋሙ። የእኒያ እናት ኀዘን እውነተኛ ነው፤ በኀዘንተኛ ላይ ማላገጥም ነውር ነው። ነገር ግን ጨዋታው ለሞት ምክንያት መሆኑ ከቶ አልተረጋገጠም። ልጁ የከፋው እንደ ሆነ የጨዋታውን መጽሐፍ ከመቀማት ይልቅ፥ አጠገቡ ተቀምጦ «ልጄ፥ ምን ሆነሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አሳታሚዎቹ ከነቀፌታው የተነሣ በ1989 ዓ.ም. ባወጡት ሁለተኛ እትም የአጋንንትንና የሰይጣናትን ስም ከመጽሐፉ አወጡ። ሕጉን ለሚያውቁ አንባብያን ደግሞ አንድ ነገር እንንገር። ጨዋታው በተወለደበት በዚያው በዊስኮንሲን አንድ ወህኒ ቤት፥ እስረኞች ለዳኛው መታዘዝን ከለመዱ እንደ ወንበዴ ጭፍራ አለቃ ያበጃሉ በማለት ጨዋታውን ከለከለ፤ አንዱ እስረኛ ቢከስም የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. ለወህኒ ቤቱ ፈረደ። ወህኒ ቤቶችና ዘንዶዎች የተባለ ጨዋታ ከእውነተኛ ወህኒ ቤት መከልከሉ የሚያስቅ ነገር ነው።

ሙዚቃው ከዚህ ጋራ ምን አገናኘው የሚል ሰው ይኖራል። አንዱ ምንጫቸው የጋራ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1954ና በ1955 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ያሳተሙትን ታላቅ ልብ ወለድ የዚያ ዘመን ወጣቶች እጅግ አነበቡት። ሚስተር ጋይጋክስ ከዚሁ መጽሐፍ የትንንሾቹን ሰዎች ስም በጨዋታቸው ቢያስገቡ ባለ መብቶቹ ተቃወሙና ስሙን ለመለወጥ ተገደዱ፤ ማሪሊየን የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድም ስሙን ያወጣው ከደራሲው ሌላ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ዝምድናቸው ግን ይበልጣል፤ ሁለቱም ረዥም መቀመጥን ይሻሉ።

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሮክ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር፤ ለዳንስ ይበቃል፥ ሊያዳምጥ ለተቀመጠ ሰው ግን ገና ወንበሩን ሲያስጠጋ ያልቃል። ረዥሙ ሸክላ ደግሞ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ባንድ ፊቱ 20 ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ይይዝ ነበርና፥ አንዳንድ የእንግሊዝ ወጣቶች ይህን ሁሉ ስፍራ ባንድ ዜማ ለመሙላት አሰቡ። በ1969 ዓ.ም. ኪንግ ክሪምሰን የተባለው ጓድ ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ለዚህ ሙዚቃ በር እንደ ከፈተ ይቈጠራል። ቻርተርሃውስ በተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ከተገናኙ ተማሪዎች የተወለደው ጀነሲስ በ1972 ዓ.ም. ሰባት ክፍል ያለው፥ 23 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዜማ አሰማ። የስ የተባለው ጓድ በዚያው ዓመት የሸክላውን አንድ ፊት ባንድ ዜማ ሞላ። ጄትሮ ታልም እንዲሁ በ1972 ዓ.ም. ሁለቱንም ፊት ላንድ ዜማ ሰጠና መሸፈኛውን በአንዲት ትንሽ ከተማ ጋዜጣ አምሳል አሳተመው፤ በውስጡም የውሸት ወሬና የውሸት ማስታወቂያ ሞልቶበታል። እኛ ጋዜጠኞች ይህን ሸክላ ከሁሉ አብልጠን ብንወድ አያስገርምም።

መሣሪያቸውም የተለየ ነበር። ሜሎትሮን የሚባለው በበርሚንግሃም የተሠራ መሣሪያ እንደ ኦርጋን በጣት የሚመታ ሲሆን፥ በእያንዳንዱ መምቻ ሥር የቫዮሊን ወይም የዋሽንት ድምፅ የተቀዳበት ጥብጣብ አለ፤ ጥብጣቡ ስምንት ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚቈይ ተጫዋቹ ጣቱን ቶሎ ማንሣት አለበት። የምቱ አቈጣጠርም ሰውን ያነቃል። በ1973 ዓ.ም. ፒንክ ፍሎይድ ስለ ገንዘብ የተጫወተውን ዜማ ሲሰሙ ጣትዎን በጠረጴዛ ላይ እየመቱ ይቍጠሩ፤ ምቱ በ7 ይወድቃል፥ ጊታሩ ብቻውን በሚጫወትበት ጊዜ ግን ወደ 4 ይመለሳል። ያሰለቻል ለሚሉትም፥ ሌሊቱን ሁሉ በማኅሌት ለሚቆም ደብተራ 23 ደቂቃ ምን ይሆንበታል እንላለን። ልኩን ያለፈበት ጊዜ እንደ ነበረ ግን አንክድም፤ በ1975 ዓ.ም. ሪክ ዌክማን የንጉሥ አርተርን ታሪክ በለንደን በበረዶ ላይ በሚንሸራተቱ ሰዎች አሳይተዋል። ብዙም ሳይቈይ በ1976ና በ1977 ዓ.ም. ፓንክ የተባሉት ወጣቶች ተነሥተው በሁለት ደቂቃ ዘፈን ዘበቱባቸው። ሆኖም ሙዚቃው አልሞተም።

አንዳንዶች ጨዋታው ሲካሄድ ሸክላውን ይከፍታሉ። ይህን አናመሰግንም። ዳኛው ሲናገር ጆሮ ለሁለት ይከፈላል፤ ረዥሙም ዜማ እንደ ወጥ ቤት ጭስ ሳይታሰብ ያልፋል። ለጨዋታው አንድ ምሽት፥ ለሸክላው ሌላ ምሽት መስጠት ይሻላል፤ በሁለቱም ምሽት ስልኩ በሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ለመጀመር የሚወድ ሰው ብዙ ወጪ የለበትም። አራት ወዳጅ ወይም ዘመድ፥ እርሳስና ወረቀት፥ ጥቂት የዕጣ ጠጠርና ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። መሠረታዊው ደንብ ከ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ማንም ሰው ሊያባዛው፥ ሊተረጕመውና ሊሸጠው በሚችልበት ፈቃድ ተለቋል፤ ግዴታው የባለቤቱን ስም መጥቀስ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ አማርኛ ሊመልሰው የሚተጋ ጸሐፊ የተገኘ እንደ ሆነ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ የሚያስቸግረው ለ20 ፊቱ ጠጠር ምን ስም ይውጣለት የሚለው ነገር ይሆናል።