ለልዩ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የወላጅ ድርሻ

የትምህርት ዓመቱ ወደ ማለቂያው በተቃረበ ቁጥር በከተማችንም ሆነ በሠራዊቱ መኖሪያ ሠፈር አንድ ወሬ ይበዛል። ይኸውም ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱ ተማሪዎችን በውድድር መርጠው የሚቀበሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት የመግቢያ ፈተና ነው። ቦታው ጥቂት፣ ተፈታኙ ብዙ ነው። የወር ደመወዙን ቆጥሮ ለሚያድር ወታደርም ሆነ በጉልት ንግድ ለምትተዳደር እናት፣ ልጅ እዚያ ገባ ማለት ምግቡ፣ መኝታው፣ መጽሐፉና ቤተ ሙከራው በአንድ ጊዜ ተገኘ ማለት ስለሆነ፣ ጉዳዩ የቤተሰቡ ሁሉ ጉዳይ ቢሆን አያስገርምም።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ከተከፈተ፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም በዚያው በ1930ዎቹ ዓመታት ከተከተለ ወዲህ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት የብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ምኞት ሆኖ ኖሯል። ምኞቱ ግን ወላጅን አንዳንድ ጊዜ ያሳስተዋል።

ባለፈው ወር አንድ ሃምሳ አለቃ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፣ «ሻምበል፣ ልጄን ላስጠናት ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ሂሳቡ ግን ለእኔም አይገባኝም። ከማፍጠጥ በቀር ምን ልሥራ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄያቸው ከአሮጌ ቁስል የመነጨ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድ ልጃቸው ለዚሁ ፈተና ሲዘጋጅ፣ ያላቸውን ገንዘብ በአጋዥ መጻሕፍት ላይ አፍስሰው፣ ልጁን እስከ እኩለ ሌሊት እያስቀመጡ፣ ባንቀላፋ ቁጥር እየቀሰቀሱ፣ አንዳንዴም አርጩሜ እያነሱ አስጠኑት። በፈተናው ዕለት ልጁ የሚያውቀው ሁሉ ጠፋበት። ውጤቱ ከተሰማ በኋላ አባትና ልጅ ለብዙ ሳምንታት አልተነጋገሩም። «እሱን ያደናበርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ላይ እንዳልደግመው ነው የመጣሁት» አሉን።

ወደ ቤታቸው ሄድን። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ አምፖሉም አንድ ነው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ጀሪካን ይዛ ወደ ቦኖ ትሄዳለች፤ ከዚያ እናቷን በእንጀራው ታግዛለች፤ እራት ቀርቦ ዕቃ ከታጠበ በኋላ ደብተሯን የምትገልጸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ዓይኗ ይከደናል። ታላቅ ወንድሟ በዚሁ ዕድሜ ሲያጠና ግን ውኃ የቀዳለት ሌላ ሰው ነበር። ስለሆነም ከሂሳቡ አስቀድመን የተነጋገርነው ስለ ጀሪካኑ ነው። ወንድሟ ውኃውን ተረከበ፤ እሷም ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ገና አእምሮዋ ሳይደክም እንድታጠና፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይም እንድትተኛ ተወሰነ። አባትየው በመኝታው ሰዓት ቅር አላቸው። ይሁን እንጂ ከ13 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው የሕክምና ባለሙያዎች የሚመክሩት ለቅንጦት አይደለም፤ ቀን የተማረው ነገር በአእምሮ ውስጥ ሥር የሚሰደው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር በመሆኑ ነው።

ጦር ወደ ግዳጅ ከመሰማራቱ በፊት ቅኝት እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ወላጅም መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት የልጁ ችግር የት ላይ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ልጅቱን ያለፈ ዓመት የሂሳብ ጥያቄዎች ያለማንም እርዳታ እንድትሠራ አደረግናት። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው ለሚለው «ሁለት አምስተኛ» ብላ ጻፈች፤ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምራ። ብዙ ልጆች የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ይህንን ለማረም የአባትየው የትምህርት ደረጃ ከበቂ በላይ ነበር። እንጀራ ቀርቦ ከስድስት እኩል ተከፈለ። ግማሹ ሦስት ቁራጭ፣ ሲሶው ሁለት ቁራጭ ሆነ፤ በድምሩ ከስድስቱ አምስቱ። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ እንኳ እንደሚያንስና በግማሽ ላይ ተጨምሮበት ከግማሽ ሊያንስ እንደማይችል ልጅቱ ራሷ ሳቀችበት።

ሁለተኛው ድካሟ ግን የሂሳብ አልነበረም። የጥያቄዎቹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ማባዛትን አጥርታ የምታውቀው ልጅ «ፕሮዳክት» የሚለው ቃል ብዜት ማለት መሆኑን ባለማወቋ፣ «አት ሊስት»ንም «ቢበዛ» ብላ በመተርጎሟ አራት ጥያቄ ስታለች። እንዲህ ያሉ ቃላት ብዙ አይደሉም። በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ከአልጋዋ በላይ ካለው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ለዚህ የወጣው ወጪ የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው፤ ሙጫው እንኳ ከቤት የተገኘ የዱቄት ሙጫ ነበር።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ልጅቱ የስሕተት ደብተር ያዘች። በየቀኑ የሳተችውን ጥያቄ ትጽፋለች፤ አጠገቡም ያላወቀችው፣ ያልገባት ወይም ቸኩላ የሳተችው መሆኑን ትገልጻለች። ከሁሉ በላይ ለወላጅ የምንመክረው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ደብተሩን ለመመልከት ወላጅ አልጀብራ ማወቅ አይጠበቅበትም። ቸኩላ የሳተችው ከበዛ የሚያስፈልገው ረጋ ማለት ነው፤ ያላወቀችው ከበዛ ደብተሩን ይዞ ወደ መምህሩ መሄድ ነው። የተጻፈውም በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ መልሱ ተሸፍኖ እንደገና ይሠራል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው የተማረውን ፈጥኖ የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ በየጊዜው እየተመለሱ የሚያስታውሱት ነገር ግን ይሰነብታል። አንድ ገጽ በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ማስመሰል ብቻ ነው።

በዚያ ቤት ያልተጠበቀችው ረዳት አያት ናቸው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈ ትምህርት የላቸውም። ልጅቱ የሳይንሱን ትምህርት ስታስረዳቸው ግን እንደ እርሳቸው ያለ ጠያቂ አላየንም። «ውኃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል» ስትላቸው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ያልፈላው የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ውኃው የት ይሄዳል?» አሏት። ልጅቱ ዝም አለች። በትነትና በፍላት መካከል ያለውን ልዩነት በማግስቱ ከመምህሯ ጠይቃ መጥታ ለአያቷ አስረዳች። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ቢሆን «አስረጂኝ» ማለት ይችላል፤ ያስረዳ ልጅ ደግሞ ያወቀውንና ያላወቀውን ይለያል።

የሰዓት ልምምድ ሊዘነጋ አይገባም። ለምሳሌ 60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ የሚሠራ ከሆነ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። የከበደውን ምልክት አድርጎ ማለፍና በመጨረሻ መመለስ የሚለመደው በቤት ውስጥ ነው። ጥያቄ ሲታለፍ የመልስ ወረቀቱም ቁጥር አብሮ መታለፉን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አንድ መስመር የዘለለ ተፈታኝ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ትክክል ሠርቶ ሁሉንም ሊያጣው ይችላል።

ሃምሳ አለቃው በዚሁ ሰሞን አንድ ሰው «የዘንድሮው ፈተና ነው» ያለውን ወረቀት በገንዘብ ሊሸጥላቸው እንደሞከረ አጫውተውናል። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን መለማመድ ተገቢ ነው፤ «የዘንድሮ ነው» እየተባለ የሚሸጠው ግን ወይ ውሸት ነው ወይ ሌብነት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመግታት ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም.ም 3.2 ከመቶ ሆነ። የችግሩ ሥር ኩረጃ ብቻ ነው ባንልም፣ በሰው መልስ የተደገፈ ልጅ ድጋፉ በተነሣ ዕለት ምን እንደሚሆን ያየ ወላጅ ገንዘቡን ለእንቁላልና ለወተት ቢያውለው ይሻለዋል።

ሃምሳ አለቃው ባለፈው ሳምንት የግዳጅ ትእዛዝ ደርሷቸው ወደ ሌላ ስፍራ ተንቀሳቅሰዋል። ኔትወርክ ባገኙ ቁጥር ይደውላሉ። «አጥንተሻል ወይ?» ማለቱን ትተዋል፤ ልጅ ለዚህ ጥያቄ ያላት መልስ «አዎ» ብቻ ነውና። አሁን የሚጠይቋት፣ «ዛሬ ምን ተሳሳትሽ?» እያሉ ነው፤ ልጅቱም ከስሕተት ደብተሯ ታነብላቸዋለች። ከመሄዳቸው በፊትም እኛ ባለንበት፣ «ብታልፊም ባታልፊም እዚህ ቤት የምትበዪው እራት አይቀየርም» ብለዋታል። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ያረፈው በር አጠገብ ጀሪካን ይዞ በቆመው ወንድ ልጃቸው ላይ ነበር።

በፈተናው ቀን አባት በቦታው አይኖሩም። መፈተኛ ካርዷ፣ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ በአንድ ላስቲክ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። መንገዱንና የመፈተኛውን አዳራሽ በሚገባ ስለሚያውቅ፣ ይዟት የሚሄደው ወንድሟ ነው።