የወሊድና የአባትነት ፈቃድ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ

በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኞች የወሊድ ፈቃድ የሚመራው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በሕጉ መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ እየተከፈላት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ታርፋለች። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ 60 ቀናት ብቻ ነበር።

የቅድመ ወሊዱ 30 ቀን ሳያልቅ ከወለደች የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ወዲያው ይጀምራል። ጊዜው አልፎ ካልወለደች እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ታገኛለች።

ለአባት የተፈቀደው 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ይህ መብት በቀድሞው አዋጅ አልነበረም። ሆኖም 3 ቀኑ እናት ለማገገም፣ አባትም ጨቅላውን ለመንከባከብ ከሚያስፈልገው ጊዜ አንጻር እጅግ አጭር ነው።

ፈቃዱን ለማስፋት ዋናው ጥያቄ የወጪው ነው። ክፍያውን የሚሸፍነው አሠሪው ብቻ በመሆኑ አንዳንዱ ቀጣሪ ሴቶችን ከመቅጠር ሊቆጠብ ይችላል። የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ክፍያውም በማኅበራዊ መድን ወይም በመንግሥት በጀት እንዲሸፈን ያበረታታል። ወጪው በዚህ መንገድ ከተጋራ ፈቃዱን ማራዘም ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ይቀላል።