የካሚዮን ሾፌር የዕለት መዝገብና የነጋዴው ድርሻ

ወደ አሜሪካ ቡና ወይም ሌላ ሸቀጥ የሚልክ፣ እንዲሁም ከዚያ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መርከቡ ነው፤ በወደብና በመጋዘን መካከል ያለውን የየብስ ጉዞ የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በዚያ አገር ካሚዮን መቼ ተነሥቶ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው የሾፌሩ የዕለት መዝገብ ነው፤ መዝገቡም ከነጋዴው ሰነድ ጋር እየተመሳከረ ይመረመራል። ስለዚህ የደንቡን ዋና ዋና ነገር ማወቅ ለነጋዴው ይጠቅማል።

በዚያ አገር ስለ ካሚዮን ሾፌሮች የሥራ ሰዓት የመጀመሪያው የፌዴራል ደንብ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓላማው በድካምና በእንቅልፍ የሚደርሰውን አደጋ ለመከላከል ነበር። ዛሬ በሚሠራበት ደንብ መሠረት ሾፌሩ 10 ሰዓት ያለማቋረጥ ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ ሊነዳ አይችልም። ከዚህም ሌላ ሥራ ከጀመረ 14 ሰዓት ከሞላው፣ 11ዱን ሰዓት ባይጨርስ እንኳ፣ ካላረፈ በቀር መንዳት አይፈቀድለትም። 8 ሰዓት ከነዳም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መንዳቱን ማቋረጥ አለበት።

መዝገቡ 24ቱን ሰዓት በአራት መስመር ይከፍላል፤ ይኸውም ከሥራ ውጭ፣ በካሚዮኑ አልጋ ላይ፣ በመንዳት ላይ፣ ሳይነዱ በሥራ ላይ የሚሉት ናቸው። ከዚህም ጋር ቀኑ፣ የተጓዘው ርቀት፣ የካሚዮኑ ቁጥር፣ የአጓጓዡ ኩባንያ ስም፣ እንዲሁም የጭነት ሰነዱ ቁጥር ወይም የላኪው ስምና የዕቃው ዓይነት ይጻፋል። ቀድሞ በእጅ ይሞላ የነበረው ይህ መዝገብ ከታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአብዛኛው ከሞተሩ ጋር በተያያዘ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይያዛል። መሣሪያው ሲበላሽ ሾፌሩ ወደ ወረቀት ይመለሳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ለኩባንያው በጽሑፍ ያስታውቃል።

ሾፌሩ ያለፉትን 7 ቀኖች መዝገብ ከዕለቱ መዝገብ ጋር ይዞ መገኘት አለበት። መዝገቡንና ደጋፊ ሰነዶቹን በ13 ቀን ውስጥ ለኩባንያው ያስረክባል፤ ኩባንያውም ለ6 ወር ያስቀምጣል። ከደጋፊዎቹ ሰነዶች አንዱ የነጋዴው የጭነት ወረቀት ነው። በመጋዘን ዘበኛ ወይም ጸሐፊ በግምት የተጻፈ ሰዓት ከመዝገቡ ጋር ባይስማማ፣ እውነተኛውን ሾፌር ሐሰተኛ መዝገብ እንደ ጻፈ ሊያስጠረጥረው ይችላል።

ለነጋዴው ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጫኛ ስፍራው ጉዳይ ነው። ለምሳሌ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 12 ሰዓት ሥራ የጀመረ ሾፌር 2 ሰዓት ነድቶ ከመጋዘን ደረሰ እንበል። ጭነቱን በ1 ሰዓት ውስጥ ቢቀበል፣ ከዚያ የ9 ሰዓት መንገድ የሚርቀውን ከተማ፣ የ30 ደቂቃውን ዕረፍት ጨምሮ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ነገር ግን ከኃላፊነቱ ሳይለቀቅ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ቢያስጠብቁት፣ 14ቱ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስለሚሞላበት መድረሻው 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ 10 ሰዓት አርፎ በማግሥቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ይደርሳል። እነሆ፣ በመጋዘኑ በር የጠፋው ትርፍ 4 ሰዓት ለዕቃው ባለቤት 13 ሰዓት ተኩል ሆነበት። አልጋ ባለው ካሚዮን ዕረፍትን በሁለት ለመክፈል የሚፈቅድ ደንብ አለ፤ ነገር ግን የሚጠቅመው በጥበቃው ጊዜ ከሥራ ነፃ ለሆነ ሾፌር ነው።

«ዛሬውኑ ካላደረስህ ሌላ ጭነት አይሰጥህም» ብሎ ማስፈራራትም መፍትሔ አይሆንም። ከጥር 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ፣ ሾፌሩ ደንብ መተላለፍ እንደሚሆንበት ካስታወቀ በኋላ የሚያስገድደው ላኪ፣ ተቀባይ ወይም ደላላ ራሱ በሕግ ይጠየቃል። ሾፌሩም ነገሩ ከተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ አቤቱታውን ለመንግሥት ማቅረብ ይችላል።

እንግዲህ ነጋዴው ሦስት ነገር ይጠብቅ፦
1ኛ/ ዕቃውና ሰነዱ ካሚዮኑ ከመድረሱ በፊት ተዘጋጅተው ይቆዩ።
2ኛ/ የመድረሻውና የመነሻው ሰዓት በጭነቱ ወረቀት ላይ በትክክል ይጻፍ።
3ኛ/ ለደንበኛ የማስረከቢያ ቀን ከመወሰኑ በፊት ሾፌሩ ስንት ሰዓት እንደ ቀረው አጓጓዡ ይጠየቅ።

በመዝገቡ ላይ የሚፈርመው ሾፌሩ ቢሆንም፣ በመጫኛው ስፍራ የጠፋውን ሰዓት ዋጋ በመጨረሻ የሚከፍለው የዕቃው ባለቤት ነው።