ስለሚያንጠባጥብ ካርቡራቶር

ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ ጋራዥ ያለው አይደለም። ብዙዎቻችን ማታ ማታ በቤታችን መተላለፊያ እናሳድረዋለን፤ ይኸውም ልጆች ከሚተኙበት፣ ከሰል ከሚቀጣጠልበት፣ ለጸሎት ጧፍ ከሚበራበት ስፍራ ጥቂት እርምጃ ብቻ የራቀ ነው። ስለዚህ ከካርቡራቶር የሚንጠባጠብ ቤንዚን የመካኒክ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን በራሴ ቤት ከደረሰው ተነሥቼ ለአንባብያን ላስረዳ እወዳለሁ።

ያለኝ ሆንዳ ሲጂ 125 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. መሠራት የጀመረው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት ነው። አሮጌ ቢሆንም አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ስለ ሆነ እወደዋለሁ። ምናልባትም ስለምወደው ይሆናል፣ ከሥሩ የምትታየውን እርጥብ ነጥብ ለብዙ ሳምንታት በጨርቅ እየጠረግሁ አልፌአት የኖርሁት።

ወር በገባ በ12 የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ተረኞች ነበርን። እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው ባለቤቴ ቡና ለማፍላት ማንደጃውን ይዛ ስትገባ የቤንዚን ሽታ አፈናት። ምንም ሳትናገር ፍሙን እንደ ያዘች በጓሮው በር ይዛው ወጣች። እኔም ብመለከት የመተላለፊያው ወለል ርሷል። የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋሁ፤ በርና መስኮት ከፈትሁ፤ መብራቱን ሳልነካ፣ ሞተሩንም ሳላስነሣ ገፍቼ ወደ ግቢ አወጣሁት፤ በፈሰሰውም ላይ ደረቅ አፈር በተንሁበት።

ባለቤቴ ያደረገችው ከሁሉ የሚበልጥ ነበር። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚያህል ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣልና በአገራችን አየር ሁልጊዜ ለእሳት የተዘጋጀ ነው። ተኑም ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ይሳባል። የቡና ማንደጃ የሚቀመጠውም ወለል ላይ ነው።

በማግሥቱ ካቻቢቴ አንሥቼ የካርቡራቶሩን ታችኛ ኩባያ ብሎኖች ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅሁ። ማንጠባጠቡ አልቆመም፤ ይልቁንም የአንዱን ብሎን ጥርስ አበላሸሁ፤ የካርቡራቶር አካል ለስላሳ ብረት ነውና። በጎረቤት ያሉ ሽማግሌ መካኒክ አይተው፣ «ልጄ፣ አንተ የምታጠብቀው ክዳኑን ነው፤ በሽታው ግን ውስጥ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚኑ ወደ ኩባያው ሲገባ በውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ ከፍ ትላለች፤ ከፍ ስትልም ትንሽ መርፌ ወደ ላይ ገፍታ መግቢያውን ትዘጋለች። በውሃ ታንከር ውስጥ ያለችው ኳስ የምትሠራውን ትሠራለች ማለት ነው። መርፌዋ ካልገጠመች ቤንዚኑ መፍሰሱን አያቋርጥም፤ ሞልቶም በትርፍ ማስወገጃው ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት የሚወጣበትን ቦታ ማየት ይገባል። ከኩባያው መጋጠሚያ ዙሪያ የሚያለቅስ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ደርቋል፤ ከቱቦው የሚወርድ ከሆነ ግን ነገሩ የመርፌዋና የተንሳፋፊዋ ነው። የእኔ ከቱቦው ነበር።

ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቀን፣ መዝጊያውን ዘግተን፣ የቀረውን ቤንዚን በጣሳ ተቀብለን ፈታነው። በኩባያው ግርጌ እንደ ቡና አተላ ያለ ቀይ የዝገት ደለል ተኝቶ ነበር፤ ከሰልባትዮው የወረደ ነው። በመርፌዋም ጫፍ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ የመበላት ምልክት ታየ። ሽማግሌው ተንሳፋፊዋን በጆሯቸው አጠገብ ነቀነቋት፤ ውስጧ ቤንዚን ቢገባ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ደህና ናት። እኔ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች በሽቦ ልጠርግ ብል እጄን ያዙኝ። የቀዳዳው ስፋት በልክ የተሠራ ስለ ሆነ ሽቦ ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን ሲያባክን ይኖራል። በንጹሕ ቤንዚን አጥበን በጎማ መንፊያ ነፋንላቸው።

አዲስ መርፌና አዲስ ጓርኒሲዮን ገዛሁ፤ ዋጋቸው ለአንድ ማኅበር ከሚገዛው ቡና አይበልጥም ነበር። በመዝጊያው ውስጥ ያለችውን ማጣሪያም አጠብን፤ ዝገቱ ከዚያ ካልታገደ አዲሲቱ መርፌ እንደ አሮጌይቱ ትሆናለችና።

ሥራው ያለቀ መስሎኝ ላስነሣ ስል ሽማግሌው አሁንም ከለከሉኝ። የዘይቱን መለኪያ አውጥተው አሸተቱና አሸተቱኝ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ባለ አራት ምት ሞተር ሲሆን ከካርቡራቶር የተረፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ በኩል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ የቀጠነ ዘይትም ብረትን ከብረት አይጠብቅም። ለሳምንታት ስጠርገው የኖርሁት ጠብታ ሞተሬንም ከውስጥ ሲበላ ነበር ማለት ነው። ዘይቱን ደፍተን በአዲስ ተካነው።

ያን ሌሊት ሞተር ብስክሌቱ በግቢው ጣራ ሥር አደረ። ከሥሩ አሮጌ ጋዜጣ አነጠፍሁ፤ ባለቤቴም ማለዳ ለኪዳን ስትወጣ ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው። ደረቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ወደ መተላለፊያው እንዲመለስ አልፈቀደችም፤ እኔም አልተከራከርሁም።